ታንኳዎቹ ሁሉ እስኪገቡ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆማችሁትም ግቡና አረፍ በሉ፤ ቆመው የሰሙት ወሬ ከጉልበት በላይ አይወጣም። አንቺም ልጁን ይዘሽ ቁጭ በይ፤ ቢያለቅስ ግድ የለም፣ እኔ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

የምነግራችሁ የገብረኪዳንን ነገር ነው። ገብረኪዳን ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ገመድና የቡና ማስጫ ሸራ ይሸጣል። ወላጆቹ ከሸዋ ወገን መጥተው፣ እዚያው ነግደው እዚያው ያረጁ ናቸው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። የጎረቤት ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ መሰላል የሚወጣ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ችኮላ። ገበሬው "ሚስማር…" ብሎ አፉን ሲከፍት፣ "የቆርቆሮ ነው፣ አውቄዋለሁ፣ እንካ!" ይለዋል። ቃልህን ከአፍህ ነጥቆ እሱ ይጨርስልሃል። ደንበኞቹ ለምደውታል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ድካም ይቀንስልኛል ብሎ ይወደዋል።

ሚስቱ ኤልቤቴል ግን የሐይቅ ዳር ልጅ ናት። ከዲላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ቡናውና እንሰቱ ያልቅና ግራር ይጀምራል። ግራሩም ያልቅና ሞተር ሳይክሉ አሸዋ ላይ መንገዳገድ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ አባያ ነው። ሐሮ ጨፌ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር እዚያ ውሃው አፍ ላይ ናት። ገብረኪዳን መንደሯን የሚያውቃት አንዴ ለሠርጉ፣ አንዴ ለሚስቱ እናት ቀብር ሄዶ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ሳይበርድ ነበር የተመለሰው።

እንግዲህ የቡና ሰሞን ነው። ከአሪቻም ከባንኮ ጎቲቲም ገበሬው ወደ ዲላ ይጎርፋል፣ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ገብረኪዳን ሸራ ለክቶ ቀና ሲል ኤልቤቴል የለችም። ጓዳ ገባ፤ የለችም። ጎረቤቱ ሙሐሲን፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው፣ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

"ኤልቤ የታለች?"

"ሄዳለች።"

"የት?"

"'ሄድኩ በለው' ነው ያለችኝ። ወዴት ነው ብላት፣ 'እሱ አጭር ነገር ነው የሚወደው' አለችኝ።"

ገብረኪዳን እንደ ልማዱ ነገሩን ራሱ ጨረሰው። ሱቅ የምታግዝ ልጅ ቅጠርልኝ ብላው ነበር፤ ከቡናው በኋላ ብሏት ነበር፤ ስለዚህ ያኮረፈችው በዚያ ነው። በቃ። እሄዳለሁ፣ እቀጥራለሁ እላታለሁ፣ ይዣት እመለሳለሁ፣ ለከሰዓት ገበያ እደርሳለሁ። ቁልፉን ለሙሐሲን ወርውሮ ሞተሩን አስነሳ።

ሐሮ ጨፌ ሲደርስ መንደሯ እንደ ወትሮዋ ነበረች። ጸጥ ያለች። መረቡ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የተሰነጠቀ ቆሮሶ ዓሣ በገመድ ላይ ይደርቃል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን እንደ ጋቢ ተከናንበው ሽማግሌ መስለው ውሃው ዳር ቆመዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ገብረኪዳን ግን "እዚህ አገር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም እንዴ?" አለ።

የመንደሩ አዛውንት አባ ጅግሶ ከዛፉ ጥላ ሳይነሱ ተቀበሉት።

"ደህና ገባህ? ዲላ ደህና ናት? ዝናቡስ? ቡናውስ ያዘ? ከብቱስ…"

"ከብት የለኝም አባ፣ ሁሉም ደህና ነው። የመጣሁት ሚስቴን…"

"እናውቃለን። ነግራናለች።"

"ምን አለች?"

"እሱማ ሽምግልና ሲቀመጥ ነው የሚነገረው።"

"ጥሩ! እንቀመጥ። ይኸው ተቀመጥኩ።"

አባ ጅግሶ ሳቁ። "ቀስ በቀስ…"

"አውቃለሁ አባ! እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል! መቼ ነው የምንቀመጠው?"

አዛውንቱ ተረታቸውን ተነጠቁ። ከዚያ የመንደሩን ሕግ ነገሩት። ሐሮ ጨፌ ውስጥ ባልና ሚስት የሚታረቁት ታንኳዎቹ ሁሉ ከውሃ ወጥተው አሸዋው ላይ ሲደረደሩ ነው። አንድ ታንኳ እንኳ ሐይቁ ላይ ካለ አይቀመጡም። ለምን ቢባል፣ ውሃ ላይ የዋለ ሰው እርቁን በጆሮው አልሰማም፤ ነገ ደግሞ "ምን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል፤ የተዘጋውን ቁስል ይከፍተዋል። ሁሉም ይስማ፣ ከዚያ ማንም አይጠይቅ። እስከዚያ ደግሞ ባልና ሚስት መሬት ላይ አይነጋገሩም። እሷ አባቷ ቤት፣ እሱ ሽማግሌው ቤት።

"ስንት ታንኳ ነው የወጣው?"

"እኛ ታንኳ አንቆጥርም፣ ደስ አይልም። ሲገቡ ይታያል።"

ገብረኪዳን ወደ ሐይቁ አየ። ቀይ ውሃ ነው፣ ዳር የለውም። እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ታንኳ ይሁን ወፍ ይሁን ጉማሬ እግዜር ይወቀው።

የዚያን ቀን አልተቀመጡም። በማግስቱም አልተቀመጡም። አንዱ ታንኳ ደሴቱ ላይ ሠርግ አለብኝ ብሎ ሄዷል። እሱ ሲመለስ ሌላው መረቤን አዞ ቀደደብኝ ብሎ ወጣ። ያ ሲገባ አንዲት መበለት "ዛሬ ውሃው ደስ ይላል" ብላ ወጣች። ውሃው ደስ ይላል! ይህ ምክንያት ነው? ገብረኪዳን ጸጉሩን ይዞ አሸዋው ላይ ይመላለሳል። ቆሽቱ አሯል። የሚያበሳጨው ደግሞ የሚቆጣው ሰው ማጣቱ ነው። ሁሉም ደግ ናቸው። ጠዋት ቆጮና የዓሣ ሾርባ ይዘውለት ይመጣሉ። ቀን ጥላው ወደ ዞረበት በርጩማውን ያነሱለታል። ቢጮህባቸው "ደክሞሃል፣ ትንሽ ተኛ" ይሉታል።

ኤልቤቴልን ከሩቅ ያያታል። ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ዓሣ ትበልታለች፣ ታወራለች። እጇ ይሠራል፣ አፏ ይሠራል፣ ሴቶቹ ይሰማሉ። ረጅም ነገር ነበር የምታወራው፤ ማለቂያ የሌለው ነገር። ገብረኪዳን ገረመው። ዲላ ውስጥ ይህን ያህል ስታወራ አይቷት አያውቅም።

መንደሯ ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ከኩይሳው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ኩይሳው ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ደወለ።

"ሙሐሲን! ሱቁ እንዴት ነው?"

"ሸራህ አልቋል። ከኮቸሬ የመጡት ሰዎች እኔን ሊደበድቡኝ ነው። ኤልቤ ምን አለች?"

"አላናገርኳትም።"

"እና እስካሁን ምን ትሠራለህ?"

"ታንኳ እጠብቃለሁ!"

"ዓሣ ማጥመድ ጀመርክ? መቼም ያንተ ነገር! በል መረቡን ስትጥል ለኔም አንድ አምባዛ…" ገብረኪዳን ዘጋበት። ከኩይሳው ሲወርድ ምስጡ ሱሪው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከታንኳዎቹ ሁሉ የባሰው የኤልቤቴል ወንድም የበፍቃዱ ነው። በፍቃዱ ሁሌ ውሃ ላይ ነው። ሌሎቹ ሲገቡ እሱ ይወጣል። ተመልሶ ዓሣውን አራግፎ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ይወጣል። አማቱ አባ ዘነበ፣ የኤልቤቴል አባት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሌን ቅርጫት ሲጠግኑ ገብረኪዳን ተንበርክኮ ለመናቸው።

"አባቴ፣ በፍቃዱን አንድ ቀን ብቻ ግባ ይበሉት።"

"ልጄ፣ እሱ እኔንም አይሰማም። እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነለትም።"

"ቢሆንም…"

"ውሃው ይመልሰዋል። ሲርበው ይመጣል።" ቅርጫታቸውን ቀጠሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ገና ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ፣ ተአምር ሆነ። የሠርጉ ታንኳ ገብቷል። አዞ መረቡን የቀደደበትም ገብቷል። መበለቲቱም ደስታዋን ጨርሳ ገብታለች። ሁሉም አሸዋው ላይ ተደርድረዋል። አንድ ብቻ ቀረ። ሩቅ ውሃው ላይ ዝንብ የምታክል ነገር ትታያለች፤ በፍቃዱ ናት… በፍቃዱ ነው። ይኸው እኔንም አስቸኮለኝ።

"ጥሩት!" አለ ገብረኪዳን።

"አይሰማም።"

"እሳት አንድዱ፣ ጭስ ይይ!"

"ዓሣ እየጠበስን ይመስለዋል።"

"ታዲያ አንዱ ሄዶ ይጥራው!"

"ማን ይሄዳል? የሄደው ደግሞ ይወጣል" አሉ አባ ጅግሶ፣ እና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ገብረኪዳን ያን ጊዜ እርር ድብን አለ። ሽማግሌው ያሉትን አልሰማም፤ ጆሮው ቢሰማም ልቡ አልሰማም። ጫማውን አውልቆ ወረወረ፣ ሱሪውን ሰበሰበ። የአባ ዘነበን ታንኳ፣ ከቀላል የሐይቅ ዳር እንጨት የታሰረውን፣ እየገፋ ወደ ውሃው ገባ። መቅዘፊያውን እንደ አካፋ ይዞ ውሃውን ይቆፍራል። ከኋላው የሴቶች ሳቅ ሰማ። ይሳቁ! እኔ ያንን ሰውዬ ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ አለ።

ልጆቼ፣ ታንኳ የሱቅ መደርደሪያ አይደለም። በቀኝ ሲቀዝፍ ወደ ግራ ዞረ። በግራ ሲቀዝፍ ወደ ቀኝ ዞረ። ብዙ ታግሎ ከዳር ራቀ፤ የገፋው ግን እሱ አይደለም፣ የከሰዓት ነፋስ ነው። ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል ዝንቧ የለችም። ዘወር ብሎ ቢያይ በፍቃዱ በቄጠማው ጥግ ዞሮ፣ ዓሣውን ጭኖ፣ ዳር ደርሷል። ታንኳውንም አሸዋው ላይ እየጎተተ ነው።

ገብረኪዳን በደስታ ጮኸ። ሁሉም ገቡ! ሁሉም! ሽማግሌዎቹም ከዛፉ ሥር ሲሰባሰቡ አየ። መጣሁ ብሎ መቅዘፊያውን አነሳ። ነፋሱ የአባ ጅግሶን ድምፅ ይዞለት መጣ።

"አይቀመጥም! አንድ ታንኳ ወጥቷል!"

"የማን?" አለ ሌላው።

"የዘነበ። አማቹ ይዞት ሄዷል።"

ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ። በፍቃዱም ትንሽ ቆሞ አየና "ካልተቀመጣችሁማ መረቤን ልየው" ብሎ ታንኳውን ወደ ውሃው መልሶ ገፋ።

"ኧረ በስመ አብ! ኧረ የሰው ያለህ!" ገብረኪዳን ብድግ ብሎ እጁን ሲያወናጭፍ መቅዘፊያው አመለጠውና ቀስ ብሎ፣ እሱም ቀስ ብሎ፣ ሄደ። ሰውዬው ተቀመጠ። ሱቁን አሰበ። በሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው አሰበ። ከዚያ ደግሞ ያለሚስቱ ሱቁን ሲከፍት፣ ማታ ቆጥሮ ሲዘጋ፣ ጓዳው ባዶ ሲሆን ታየው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ኤልቤቴል ላትመለስ ትችላለች ብሎ ለአፍታ እንኳ አስቦ አያውቅም ነበር። 

ወዲያው የመቅዘፍ ድምፅ ሰማ። ኤልቤቴል ናት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ውሃውን ሳትረጭ እየቀዘፈች መጣች። የሱን ታንኳ ከራሷ ጋር በገመድ አሰረች።

"ቁጭ በል። ሲቆሙ አዞም ያያል፣ ሰውም ይስቃል።"

"መነጋገር ይፈቀዳል?"

"የተከለከለው መሬት ላይ ነው።"

"ጎሽ! ኤልቤ፣ አውቄዋለሁ። የሠራተኛዋ ነገር ነው። እቀጥርልሻለሁ፣ እንዲያውም ሁለት…"

ኤልቤቴል መቅዘፏን አቆመች። ታንኳዎቹ ቆሙ። 

"ጨረስክልኝ?"

ገብረኪዳን አፉን ዘጋ። መሄጃ የለም፣ ደንበኛ የለም፣ መቅዘፊያውም እሷ ጋ ነው።

"ከባንኮ ጎቲቲ የመጣችዋ ሴትዮ ትዝ ትልሃለች? ሸራ ልትገዛ የመጣችው። የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናት። ጥቁር መልበሴን አይታ 'ልጄ፣ ማን አረፈብሽ?' አለችኝ። 'እናቴ' አልኳት። 'እንዴት ሆነች?' አለችኝ። እስካሁን ዲላ ውስጥ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልነግራት አፌን ስከፍት አንተ ምን አልክ?"

ገብረኪዳን ትዝ አለው።

"'ታመመች፣ ሞተች፣ ተቀበረች፤ ስንት ሜትር ልቁረጥ?' አልክ። የእናቴን ሞት አንተ ጨረስክልኝ።"

ይቅርታ ሊል ከንፈሩን ከፈተና ተወው። የታንኳውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። እሷም ነገሯን ጀመረች።

እናቷ የደጋ ሰው ነበረች፤ የአሪቻ፣ የእንሰትና የቡና ልጅ። ሐይቅ አይታ አታውቅም። ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከኮረብታው ላይ ያንን ቀይ ውሃ አየችና የታረሰ መሬት መሰላት። "ይህ ሁሉ እርሻ የማን ነው? ለምንስ አልተዘራም?" አለች። አባ ዘነበ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ከበቅሎ ወደቁ። ይህን ታሪክ እናቷ ስትሞት፣ በመጨረሻዋ ከሰዓት፣ እንደ አዲስ ነገረቻቸው። የበቅሎዋን ቀለም፣ የደገሱትን፣ ዝናቡን፣ አማቷ ያሏትን፣ ሁሉን። ድምጿ እየደከመ ቃሉ ሲቋረጥ ጠበቋት፤ ስትቀጥል ሰሟት። በፍቃዱም ዓሣውን ትቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ማንም ቶሎ በይ አላላትም። ታሪኳን ጨርሳ ነው ያረፈችው።

"ይህን ነበር ለሴትዮዋ ልነግራት የፈለግሁት" አለች ኤልቤቴል። "በቃ። ሌላ አልነበረም።"

ገብረኪዳን ውሃውን አየ። እውነትም የታረሰ መሬት ይመስላል። ሳያስበው ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ዓይኑ ረጠበ።

"አማቷ ምን አሏት?" አለ።

"ምን?"

"እርሻ ነው ስትል። አማቷ ምን አሉ? አልነገርሽኝም።"

ኤልቤቴል ቀና ብላ አየችው። ከዚያ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አኑራ ነገረችው። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ነገረችው።

ሲመለሱ በፍቃዱም ርቦት ከኋላቸው ገባ። ታንኳዎቹ ሁሉ አሸዋው ላይ ሆኑ። አባ ጅግሶ መረቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ተናገሪ።"

"ተናግሬያለሁ አባ። ውሃ ላይ ጨርሰናል።"

መንደሩ ተንጫጫ። "ማን ሰማ?" "እኛ ለምን ተሰበሰብን?" በፍቃዱ ራቱን ይዞ "እኔ ለዚህ ነው መረቤን ጥዬ የገባሁት?" አለ። አባ ጅግሶ በሕይወታቸው እንዲህ ተቆጥተው አያውቁም። "ታንኳ ሁሉ እስኪገባ እኛ ጠብቀን፣ እናንተ ያልገባችሁት ታርቃችሁ ትመጣላችሁ? ሕጉ ሁሉም ይስማ ነው! በይ እንደገና፣ ከሥሩ!"

ስለዚህ ኤልቤቴል ከሥሩ ጀመረች። የባንኮ ጎቲቲዋ ሴትዮ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ገብረኪዳንን አየው። አንገቱን ደፋ፤ አልካደም። የእናቷ ታሪክ ላይ ስትደርስ አባ ዘነበ ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። "ከበቅሎ አልወደቅሁም፣ ወረድኩ" አሉ፤ ሴቶቹም "ወድቀዋል! እሷ ነግራናለች!" ብለው ጮኹባቸው። ነገሩ ሲረዝም አንድ ሽማግሌ ሆዱ ጮኾበት "ልጄ፣ መሸ፣ ፍሬ ነገሩን…" ሊል ሲል ገብረኪዳን ብድግ አለ።

"አባ፣ ገና ነው። ሙሽራዋ ገና ኮረብታው ላይ ናት።"

በማግስቱ ሞተሩ ላይ ሁለት ሆነው ወደ ዲላ ወጡ። ሰው በአንድ ቀን ይለወጣል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ገብረኪዳን ዛሬም ሚስማር ጠያቂን አያስጨርስም። እሷ ስታወራ ግን መለኪያውን ያስቀምጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይታገላል፣ ይችለዋል።

የኤልቤቴል እናት ስሟ አልጋነሽ ነበር። እንግዲህ ልለምናችሁ፤ ወደ አባያ የወረዳችሁ ቀን ኮረብታው ላይ ትንሽ ቁሙና "ይህ ሁሉ እርሻ የማን ነው?" ብላችሁ አስታውሱልኝ።